ባዶ ቤት ያመጣው ሽምግልና

ሙሐመድአወል ቅዳሜ ጠዋት ፒክአፑ ላይ ዕቃ ሲጭን ፊቱን ያየ ሰው፣ የሚጭነው አስከሬን ይመስለው ነበር። ዕቃው ከብዶት አይደለም፤ አሳፍሮት ነው። አንድ ረጅም የጣውላ አግዳሚ ወንበር፣ ስድስት በርጩማ፣ አራት ሰሌን፣ አንድ ሻንጣ ነጭ አንሶላ፣ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የተለቀመ የቆርቆሮ ሳህንና ኩባያ፣ ከዚያ ሌላ አንድ ካርቶን ሙሉ ግድግዳ ላይ የሚመታ የልብስ መስቀያ። በቃ፣ ይኸው ነው። ይህ ሁሉ መቶ ሠላሳ ዓመት የሞላው ትልቅ ቤት ሊያስጌጥ ነው የሚሄደው። «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አለ ለራሱ፣ ገመዱን እያጠበቀ።

ቤቱ የሚስ ካሮል ነው። ሚስ ካሮል ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮሎምበስ አጠገብ፣ አፐር አርሊንግተን የሚኖሩ የሰባ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው፤ የሙሐመድአወል ሚስት ከድጃ ሰባት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ ቤታቸውን ስታጸዳ ኖራለች። ዓሣ ነጋዴ የነበሩት አያታቸው ከኮሎምበስ በስተሰሜን፣ የሁለት ሰዓት መንገድ ተኪዶ፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር የሠሩት የእንጨት ቤት በውርስ ደርሷቸዋል። ሐይቅ ይባላል እንጂ ማዶው አይታይም። ሙሐመድአወል የወሎ ልጅ ነው፤ ሐይቅ ሲያይ ነው ያደገው፤ ሐይቅ ማለት እሱ እንደሚያውቀው ወዲያ ማዶ የምትግጥ ላም የምትታይበት ውኃ ነው። ይሄኛው ማዕበልም መርከብም ስላለው ባሕር ነው ብሎ ደምድሟል፤ የሚያሳምነውም አልተገኘም።

ሚስ ካሮል ቤቱን በበጋ ለሚመጡ ቤተሰቦች ሊያከራዩት አስበው፣ መጀመሪያ የቤት ማስጌጥ ባለሙያ ጠርተው ነበር። ባለሙያው ግድግዳው ላይ መልህቅ፣ ደረጃው ላይ የመርከብ ገመድ፣ ጣሪያው ላይ የዓሣ መረብ፣ በየጠረጴዛው የዛጎል መብራት የሚታይበት ሥዕል ይዞላቸው መጣ። ሚስ ካሮል ሥዕሉን ምድጃ ስትወለውል ለነበረችው ለከድጃ አሳዩአት። ከድጃ ትንሽ አየችና «ባሕሩ በመስኮት እየታየ መልህቁ ግድግዳ ላይ ምን ይሠራል?» አለቻቸው። ሚስ ካሮል ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ «አንቺ ብትሆኚስ ምን ታደርጊዋለሽ?» ብለው ጠየቋት። «ለመጥረግ የሚመች አደርገዋለሁ» አለች። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

ስምምነቱ አጭር ነው። ቅዳሜ ከቀኑ በስምንት ሰዓት ሚስ ካሮል መጥተው ያያሉ። ከወደዱት ቤቱን ዓመቱን ሙሉ የምትይዘው ከድጃ ትሆናለች፤ እዚያው አካባቢ ያሉትን የሁለት ዘመዶቻቸውን ቤትም ይጨምሩላታል፤ ከድጃም በሳምንት አራት ቀን አሥር ሰዓት ቆማ ዕቃ ስታሽግ የምትውልበትን ዌርሃውስ ትሰናበታለች። ካልወደዱት ሰኞ ወደ ዌርሃውሷ ትመለሳለች። ጉልበቷ ካበጠ ሁለተኛ ወሩ ነው፤ በረዶ አስራበት ነበር የምትተኛው።

ታዲያ ሙሐመድአወል የሚፈራው ለዚህ ነው። ክፉ ባል ሆኖ አይደለም፤ ሥራው እንዳያመልጣት ነው። ለባዶ ቤት ማን ይከፍላል? እሱ ቤት ሲያስጌጥ እንዴት እንደሚያስጌጥ ኮሎምበስ፣ ኒር ኢስት ሳይድ ሰፈር ያለው ሳሎኑ ይመሰክራል፦ ሁለት ሙሉ ሶፋ ከነፕላስቲክ ልባሱ፣ የማንም ከንፈር ነክቶት የማያውቅ ብርጭቆ የታጨቀበት ቡፌ፣ በሦስት ድርብ የተሰፋ ወርቃማ መጋረጃ፣ በየሰዓቱ የሚጮህ ባለንስር ሰዓት። የከድጃ ዓይን ግን የጽዳት ሠራተኛ ዓይን ነው። ከሥሩ ለመጥረግ መነሣት ያለበት ዕቃ ሁሉ ጠላቷ ነው። ዓርብ ማታ ሻንጣዋን ይዛ ባሕሩ ዳር ሲያደርሳት፣ ከመኪናው ወንበር ሥር የደበቀውን የፕላስቲክ አበባ ከነማስቀመጫው አገኘችበት። አበባውን አውጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። ሁለት ሰዓት ሙሉ አበባ ታቅፎ እየነዳ ወደ ኮሎምበስ ተመለሰ።

ይህን ሁሉ ከመንገዱ ማዶ ጎረቤታቸው እትዬ ፋንቱ በመስኮት አይተዋል። ማለትም ያዩት ይህን ነው፦ ዓርብ ማታ ከድጃ ሻንጣ ይዛ ስትወጣ፤ ባልየው አበባ ታቅፎ ለብቻው ሲመለስ፤ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አንሶላና በርጩማ ሲጭን፣ ያውም ፊቱን አጥቁሮ። ፒክአፑ እንደሄደ መንገዱን ተሻግረው በሩን አንኳኩ። የአሥራ አምስት ዓመቷ ሃጀር ስልኳን እያየች ከፈተች።

«እናትሽ የት ናት የኔ ልጅ?»

«ሌክ ሃውስ፣ ሐይቁ ጋ።»

«ለሥራ ነው?»

«አይ ጌስ፣ መሰለኝ» አለች ሃጀር፣ ትከሻዋን ሰብቃ።

«አባትሽስ?»

«ዕቃዋን እየወሰደላት ነው። ሂል ቢ ባክ ቱናይት፣ ማታ ይመለሳል።»

«እሱ ብቻ?»

ሃጀር ይህን አስባበት አታውቅም። «አይ ዶንት ኖው» አለችና፣ ሲወተውቷት የቤቱን አድራሻ ከስልኳ አሳይታቸው በሩን ዘጋች።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት የሚለውን አባባል እትዬ ፋንቱ በራሳቸው መንገድ ነው የተረዱት፤ ወሬ ሲሰሙ የሚጨምሩበት ሐሳብ አያጡም። ቤታቸው ሳይደርሱ ስልክ አወጡ።

ሙሐመድአወል ባሕሩ ዳር ሲደርስ ከድጃ የትልቁን ክፍል ግድግዳ ሌሊቱን ነጭ ቀለም ቀብታ ጨርሳ፣ ወለሉን ወልውላ፣ እጅጌዋን ሰብስባ እየጠበቀችው ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። ሁለቱ ተጋግዘው አግዳሚውን በትልቁ መስኮት ሥር አስቀመጡት፤ ክዳኑ የሚከፈት ነው፣ ውስጡ ብርድ ልብስ ይቀመጥበታል። ሰሌኑን አነጠፉ። ከበሩ አጠገብ አሥራ ሁለት የልብስ መስቀያ በአንድ መስመር መቱ፤ ከሥራቸው ለእርጥብ ጫማ ረጅም የእንጨት ገበታ አደረጉ። ሳህንና ኩባያው ሕፃን ልጅ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ገባ። ለዚህ ሁሉ ከሦስት ሰዓት በላይ አልፈጀባቸውም። አልቆ ሲያየው ለሙሐመድአወል ቤተሰቡ ተሰድዶ ሄዶ የቀረ ቤት መሰለው።

«ከድጃ» አላት ለስለስ አድርጎ፣ «እንዲያው አንዲት ነገር ብቻ ብንጨምርበትስ? አንዲት ሰዓት?»

«ስልክ የሌለው ሰው ታውቃለህ?»

«ሥዕልስ?»

ከድጃ በአገጯ ወደ መስኮቱ አመለከተችው። ውጭ ግራጫው ውኃ እየተነሣ ይወድቃል። ዝናብ መጣል ጀምሯል። ከዚያ መዶሻዋን ይዛ የመኝታ ክፍሎቹን መስቀያ ልትመታ ወደ ፎቅ ወጣች።

ሰባት ሰዓት ከሃያ ሲሆን መኪና ቆመ። ሙሐመድአወል ሚስ ካሮል ቀድመው የመጡ መስሎት ደንግጦ በሩን ከፈተ። በዝናቡ ውስጥ ቆመው ያያቸው ሐጂ አንዋር፣ ጋሼ ወርቅነህና እትዬ ፋንቱ ነበሩ። ሐጂ አንዋር ባለ ሥጋ ቤት ናቸው፤ መስጊዱ ውስጥ ቃላቸው አይታለፍም። ጋሼ ወርቅነህ ኮምቦልቻ ርዕሰ መምህር የነበሩ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ ኮሎምበስ መሐል የመኪና ማቆሚያ ጠብቀው ጡረታ ቢወጡም አነጋገራቸው እስከ ዛሬ የሰልፍ ሜዳ አነጋገር ነው። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ ሲላክ ሃይማኖት አይመረጥም፤ ይኸው ደንብ ኮሎምበስም አብሮ መጥቷል። እትዬ ፋንቱ «እኔ እንኳ መንገድ ላሳይ ብዬ ነው» አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሦስቱም ጫማቸውን አውልቀው ገበታው ላይ ደረደሩ፤ የረጠበ ካፖርታቸውን መስቀያው ላይ ሰቀሉ። ከዚያ መሐል ወለሉ ላይ በካልሲ ቆሙ።

«ኧረ ተቀመጡ» አለ ሙሐመድአወል።

«አንቀመጥም» አሉ ሐጂ አንዋር። «የመጣንበትን እሺ ሳትሉን አንቀመጥም።»

«በምን ጉዳይ ነው ሐጂ?»

ጋሼ ወርቅነህ መጋረጃ የሌለውን መስኮት፣ ባዶውን ግድግዳ፣ ሰሌኑንና በርጩማውን በተራ አዩ። «ይሄን እያየን በምን ጉዳይ ትለናለህ? አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብራህ የኖረች ሚስትህ ቤቷን ጥላ እዚህ ምድረ በዳ ሰሌን ላይ ወድቃ፣ አንተ ደግሞ ሰሌኑን ራስህ ጭነህ ታመጣላታለህ? ወንድ ልጅ ከሚስቱ ሲለያይ ቢያንስ አንዱን ሶፋ ያካፍላል።»

«አልተጣላንም ጋሼ! ይሄ የሥራ ቤት ነው። የሚስ ካሮል ቤት ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ወላሂ አልተጣላንም።»

«መሐላ ውስጥ ከተገባማ ነገሩ ከብዷል» አሉ ሐጂ አንዋር፣ በሐዘን ወደ ጋሼ ወርቅነህ እያዩ።

ይህን ጊዜ ከድጃ መዶሻ በእጇ ይዛ ከፎቅ ወረደች። እትዬ ፋንቱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ሙሐመድአወል በአማርኛም በእንግሊዝኛም ለማስረዳት ሞከረ፤ ባስረዳ ቁጥር እየባሰበት ሄደ። ከድጃ ሰዓቷን አየች። ሚስ ካሮል ሊደርሱ ሠላሳ ደቂቃ ቀርቷል። መሐል ወለል ላይ ደግሞ ሦስት ሽማግሌ እንደ ምሰሶ ተተክሏል። ሁለት ሰዓት በዝናብ ነድቶ የመጣን ሽማግሌ ማስወጣት ነውር ነው፤ ቶሎ የሚሄድበት መንገድ አንድ ብቻ እንደሆነ ገባት።

«እሺ» አለች። «ተጣልተናል። ተቀመጡና አስታርቁን።»

ሙሐመድአወል አፉን ከፈተ። ዓይኗን ሲያይ በርጩማ ሊያቀርብ ሄደ።

ሽማግሌዎቹ በእፎይታ ተቀመጡ። ሐጂ አንዋርና ጋሼ ወርቅነህ አግዳሚው ላይ፣ ሌሎቹ በርጩማ ላይ ሆኑ። ቦታ እንኳ ተረፈ። ሐጂ አንዋር ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ፤ ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል አሉ፤ ባሕሩን በመስኮት አሳይተው ደገሙት። ከዚያ ወደ ከድጃ ዞሩ። «በይ ልጄ፣ የበደለሽን ተናገሪ።»

ከድጃ ያሰበችው አንዲት ትንሽ በደል ፈልጋ፣ ጥላ፣ በአምስት ደቂቃ መገላገል ነበር። «እ…» አለች። «ዕቃ ያበዛል።»

«ዕቃ ማብዛት ጥፋት ነው እንዴ?» አሉ ጋሼ ወርቅነህ። «ሳሎናችሁን እኔ አውቀዋለሁ። እንዲህ ያለ ሳሎን ኦሃዮ ውስጥ የለም። ተቀምጬበታለሁ።»

«እርስዎ ተቀምጠውበታል ጋሼ። እኔ አልተቀመጥኩበትም።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ከድጃ ራሷም የተናገረችው የገረማት ትመስል ነበር። ቀጠለች፤ አሁን ሰዓቷን አላየችም።

«ሳሎኑ የእንግዳ ነው። እንግዳ ሲመጣ እኔ አቀርባለሁ፣ ቆሜ ነው የማቀርበው። እንግዳ ሲሄድ እወለውላለሁ፣ እሱም ቆሜ ነው። ከዌርሃውስ ስመለስ እራቴን ፍሪጁን ተደግፌ ነው የምበላው፤ ኪችኑ ውስጥ ሁለት ዱካ አለ፣ አንዱ ላይ የሱ ካርቶን አለ፣ አንዱ ላይ ሃጀር አለች። ቀን የሰው ቤት አጸዳለሁ፤ ማታ እቤቴ ገብቼ ደግሞ የሱን ብርጭቆ አንድ በአንድ እያነሣሁ አቧራ እጠርጋለሁ። ማንም ጠጥቶበት አያውቅም እኮ። አንድ ቀን ዕቃ ሲገዛ የት እናድርገው፣ ትፈልጊዋለሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። እቤቴ ውስጥ መቀመጫ የለኝም።»

ሙሐመድአወል የሚቀልደው ነገር ፈለገ። ሰው ሁሉ ጨዋታ አዋቂ የሚለው ሰው ነው። በቀልዱ ፈንታ ሚስቱን ቁጭ ብላ ያየበትን ቀን ሊያስታውስ ሞከረ፤ መኪና ውስጥና ሐኪም ቤት ካልሆነ በቀር አንድም ቀን አጣ። አፈረ።

በሩ የተከፈተው ይኼኔ ነው። ሚስ ካሮል ዝናብ የሚንጠባጠብበት ካፖርት ለብሰው ቆመዋል። ከድጃ ልትነሣ ስትል ሐጂ አንዋር በእጃቸው ምልክት አስቀመጧት፤ ሽምግልና ላይ አይነሣም። ከዚያ ሐጂ የመጡት ሴት በዕድሜ ከሁላቸውም እንደሚበልጡ አይተው ፈቀቅ አሉና የአግዳሚውን መሐል ለቀቁላቸው። ሚስ ካሮል ትንሽ ዙሪያውን ተመለከቱ። ካፖርታቸውን ሰቀሉ፤ የሌላውን አይተው ጫማቸውን አወለቁ፤ መጥተው በሁለቱ ሽማግሌዎች መካከል ተቀመጡ።

«ዋት ኢዝ ጎይንግ ኦን?» አሉ በሹክሹክታ፣ ምን እየሆነ እንደሆነ ሊያውቁ።

እትዬ ፋንቱ በርጩማቸውን አስጠግተው ወዲያው አስተርጓሚ ሆኑ። ሚስትየዋ በዕቃ ምክንያት ባሏን ጥላ እንደወጣች ነገሯቸው።

«ምን ያህል ዕቃ ነው?» ብለው ጠየቁ ሚስ ካሮል።

«ቱ መች» አሉ እትዬ ፋንቱ፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አሉ ጋሼ ወርቅነህ።

ሙሐመድአወል ከሚስቱ ሌላ ማንንም አላየም። «ሰው መጥቶ እንዳታፍሪ ብዬ ነው» አላት።

«እኔ አፍራለሁ ብዬህ አውቃለሁ?»

«አላልሽም» አላት። «የማፍረው እኔ ነኝ። በዲቪ የመጣሁ ጊዜ፣ አንቺ ሳትመጪ፣ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ሰፈር አንድ አፓርትመንት ውስጥ ስድስት ሆነን ወለል ላይ ነበር የምንተኛው። አንድ ቀን የአገር ሰው ሊጠይቀኝ መጣ። የማስቀምጥበት አልነበረኝም። ቆሞ አውርቶኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ባዶ ቤት ሳይ አልችልም። ነግሬሽ አላውቅም።»

«አልነገርከኝም» አለች ከድጃ ቀስ ብላ።

እትዬ ፋንቱ መተርጎሙን ትተው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሚስ ካሮል ትርጉም አልጠየቁም።

ሐጂ አንዋር ፍርዳቸውን ሰጡ። ከዛሬ ጀምሮ ከድጃ ሳትጠየቅ አንድ ዕቃ እዚያ ቤት አይገባም፤ ሳሎኑም ለባለቤቲቱ ይከፈት፤ ፕላስቲኩም ይነሣ። ሲናገሩ ድምፃቸው እየቀነሰ ሄደ፤ እትዬ ፋንቱ የሐጂን ሳሎን ስለሚያውቁ ትኩር ብለው ነበር የሚያዩአቸው። ሐጂ ዓይናቸውን ወደ ባሕሩ መለሱ። ከዚያ ባልና ሚስቱ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ ጋሼ ወርቅነህ መረቁ፤ ሁሉም አሜን አሉ፤ ሚስ ካሮልም ትንሽ ዘግይተው አሜን አሉ።

ከተነሡ በኋላ ሚስ ካሮል ቤቱን ዞረው አዩ። የአግዳሚውን ክዳን ከፍተው ዘጉ። ከገበታው ሥር ጎንበስ ብለው ወለሉን በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ አራት ሰው ከዝናብ ገብቶበት ደረቅ ነው። ከድጃ እጇን አጣምራ እየተከተለቻቸው፣ «አይ አም ሶሪ ሚስ ካሮል፣ እንግዶቹ ሳይነግሩኝ…» ስትል አቋረጧት።

«ለስንት ሰው ይበቃል ብዬ ልጠይቅሽ ነበር የመጣሁት። ስድስት ሰው ተቀምጦ አየሁ፤ ያውም የሚያለቅስ ሰው ጭምር። ሰኞ መጀመር ትችያለሽ?»

ከድጃ እችላለሁ አለች። ከዚያ ሄዳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ቁልፉን ሲሰጧትም አልተነሣችም።

ሽማግሌዎቹ እያዜሙ ማለት ይቻላል ተመለሱ። እስከ ዛሬም ኮሎምበስ ውስጥ ሠርግ ሲሆን፣ ለቅሶ ሲሆን፣ ጋሼ ወርቅነህ ሙሐመድአወልና ከድጃን ባሕሩ ዳር ድረስ ወርደው ከፍቺ አፋፍ እንዴት እንደመለሷቸው ይተርካሉ። የሚያርማቸው የለም።

ሁለቱ የተነሡት ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ፒክአፑ ባዶ ነበርና መንገዱን በቀላሉ ይበላው ጀመር። ሙሐመድአወል ብዙ ከተጓዘ በኋላ ሳቅ አለ።

«ጉድ እኮ ነው። ሳንጣላ አስታረቁን።»

ከድጃ ጉልበቷን ዘርግታ በመስኮቱ የበቆሎውን ማሳ እያየች ነበር።

«እኔ ተጣልቼህ ነበር» አለች። «አንተ አልሰማህም እንጂ።»

ሙሐመድአወል ሬዲዮውን ዘጋው፤ እስከ ኮሎምበስ ድረስም መልሶ አልከፈተውም።